አይሱዙ ሳይመጣ ጃፓን የሄዱት ሰው

ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ የሚወስደውን መንገድ የሚያውቅ ሰው አይሱዙን ያውቃል። የጊንጪ ጤፍም ሆነ የጀልዱ ድንች ብዙውን ጊዜ ከተማ የሚገባው በአይሱዙ ተጭኖ ነው። እኛ ተሳፋሪዎቹ ደግሞ በዶልፊን እንሄዳለን፤ እሱም ቶዮታ ነው። ጃፓን ሕይወታችን ውስጥ እንዲህ ገብታ ተቀምጣለች። ታዲያ እኛስ ጃፓን የሄድነው መቼ ነው?

ኢኮኖሚክስ ስማር የጃፓን ዕድገት ሳይነሳ የሚያልፍ ሴሚስተር አልነበረም ማለት ይቻላል። ከ90 ዓመት በፊት እዚያው ድረስ ሄደው ያዩትን በአማርኛ የጻፉ ኢትዮጵያዊ ሚኒስትር እንዳሉ ግን ያወቅኩት ከተመረቅኩ በኋላ ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ይባላሉ። ብዙዎቻችን ስማቸውን የምናውቀው ከሥነ ጽሑፍ ክፍል ነው። እኔ ግን ዛሬ ስለ ዲፕሎማቱ ኅሩይ ነው የማወራችሁ።

የተወለዱት በግንቦት 1870 ዓ.ም. መርሐቤቴ ውስጥ ነው። የቤተ ክህነት ትምህርት ተምረው እንጦጦ ራጉኤል ደረሱ። የመኳንንት ልጅ አልነበሩም፤ ወደ ቤተ መንግሥት ያስገባቸው ዕውቀታቸውና ብዕራቸው ነው። በ1903 ዓ.ም. ለእንግሊዙ ንጉሥ ጆርጅ 5ኛ የዘውድ በዓል ከተላከው ልዑክ ጋር ለንደን ሄዱ። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተፈሪ አውሮፓን ሲጎበኙ አብረው ነበሩ። በመሀል የአዲስ አበባን ማዘጋጃ ቤት መርተዋል፣ ጎሐ ጽባሕ የሚባል ማተሚያ ቤት አቋቁመዋል፣ እንደ «ወዳጄ ልቤ» ያሉ መጻሕፍትን ጽፈዋል። በመጨረሻም የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ።

በዚያ ዘመን የተማረው ኢትዮጵያዊ ዓይኑ ጃፓን ላይ ነበር። ምክንያቱ አይከብድም። እኛ ዓድዋ ላይ ጣሊያንን አሸነፍን፤ ከ9 ዓመት በኋላ ጃፓን ሩሲያን አሸነፈች። ሁለቱም ረጅም የዘውድ ታሪክ ያላቸው፣ ሁለቱም በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ሚሲዮናውያንን አባርረው በራቸውን የዘጉ ናቸው። አንድ የሚገርመኝ ነገር አለ። አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ የወደቁበት 1860 ዓ.ም. ጃፓን የሜይጂን ለውጥ የጀመረችበት ዓመት ነው። እነሱ በ60 ዓመት ውስጥ ፋብሪካና የጦር መርከብ ሠሩ። እኛስ? የኅሩይ ትውልድ እንቅልፍ ያጣው በዚህ ጥያቄ ነው። በሐምሌ 1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው የተጻፈ ሕገ መንግሥታችንም የተቀዳው በአብዛኛው ከጃፓን ሕገ መንግሥት ነበር።

ሕገ መንግሥቱ በወጣ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ በ1924 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ኅሩይ ጉዞ ጀመሩ። ለአፄ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ጃፓን እንግዳ ልካ ስለነበር ምላሽ መስጠት ነበረባቸው፤ በ1923 ዓ.ም. የተፈረመው የወዳጅነትና የንግድ ውልም ነበር። አብረዋቸው ከሄዱት መካከል የንጉሠ ነገሥቱ ዘመድ ልጅ አርአያ አበበና አቶ ዳባ ብሩ ይገኙበታል። ከጅቡቲ በመርከብ ሳምንታት ተጉዘው ደረሱ። ንጉሠ ነገሥት ሂሮሂቶ ተቀበሏቸው፤ ትምህርት ቤቱን፣ ፋብሪካውን፣ ከተማውን አዩ። ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የሚለውን መጽሐፍ አሳተሙ፤ በ1926 ዓ.ም. አካባቢም ወደ ጃፓንኛ ተተረጎመ።

እኔን የሚይዘኝ ግን ንግዱ ነው። ያኔ አቡጀዲ ከአሜሪካ ይመጣ ነበር። የጃፓን ፋብሪካዎች በርካሽ ዋጋ ገቡና ገበያውን ነጠቁት። በ1920ዎቹ ገበሬው የሚለብሰው አቡጀዲ በብዛት የጃፓን ሆነ። እኛስ ምን ሸጥንላቸው? ከሞላ ጎደል ምንም። ቡናችንና ቆዳችን የሚሄደው ወደ ሌላ ነበር። ወዳጅነቱ በስሜት ሁለት እግር ነበረው፤ በኢኮኖሚ ግን በአንድ እግሩ የቆመ ነው።

ስሜቱማ ጋብቻ ድረስ ደርሶ ነበር። ልጅ አርአያ ጃፓናዊት ሚስት ፈለጉ፤ ማሳኮ ኩሮዳ የምትባል የመኳንንት ልጅም ታጨች። የአውሮፓ ጋዜጦች ጉዳዩን አራገቡት። ጋብቻው በ1926 ዓ.ም. ሳይሳካ ቀረ።

ከዚያ ፈተናው መጣ። ጣሊያን ለወረራ ስትዘጋጅ ዳባ ብሩ እርዳታ ፍለጋ ወደ ጃፓን ተላኩ። ብዙ ጃፓናውያን ለኢትዮጵያ አዘኑ፣ ድጋፋቸውንም አሳዩ። መንግሥታቸው ግን ሌላ ሒሳብ ይዞ ነበር። ኅሩይ ጉዞ በጀመሩበት በዚያው መስከረም የጃፓን ጦር ማንቹሪያን መውረር ጀምሮ ነበርና፣ ጃፓን ራሷ እውቅና የምትለምን ወራሪ ሆናለች። በኅዳር 1929 ዓ.ም. ከጣሊያን ጋር ተስማማች፦ እሷ የኢትዮጵያን መያዝ ልትቀበል፣ ጣሊያን ደግሞ በማንቹሪያ ጉዳይ ልትተባበራት። በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ የተከፈተው የጃፓን ሌጋሲዮን... አንድ ዓመት እንኳ ሳይሞላው በቆንስላ ተተካ። በቃ፣ ያ ሁሉ ወዳጅነት አለቀ።

ኅሩይ ይህን የሰሙት በስደት፣ እንግሊዝ አገር ባዝ ከተማ ውስጥ ሆነው ነው። ሀገር ቤት ከቀሩት ልጆቻቸው በፋሺስት እጅ የተገደሉ ነበሩ። ያስጠለለቻቸው ደሴት እንግሊዝም በ1930 ዓ.ም. ለጣሊያን ግዛት እውቅና ለመስጠት ፈረመች። በመስከረም 1931 ዓ.ም.፣ በ60 ዓመታቸው፣ ነፃነትን ሳያዩ እዚያው አረፉ። አፅማቸው የተመለሰው ከድል በኋላ ነው፤ ያረፈውም አዲስ አበባ ቅድስት ሥላሴ ነው።

ታዲያ ኅሩይ የዋህ ነበሩ? እኔ አይመስለኝም። ከጃፓን ሲመለሱ ያሳተሙት ሌላው መጽሐፍ «አዲስ ዓለም» ነው (በአምቦ መንገድ ላይ ያለችው ከተማ ስም ቢሆንም ታሪኩ የእሷ አይደለም)። ፈረንሳይ ተምሮ የመጣ ወጣት ለተዝካር የሚወጣውን ከአቅም በላይ ድግስ የመሰለ ልማድ ሲሞግት ያሳያል። ኅሩይ ጃፓን መጥታ ታድነናለች ብለው እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም፤ ትምህርቱን፣ ማተሚያውን፣ ቁጠባውን እዚሁ ለመትከል ሞክረዋል። ያጠራቸው ጊዜ ነው።

ሁለቱ አገሮች ግንኙነታቸውን በ1947 ዓ.ም. እንደገና ጀምረዋል። ዛሬ ካይዘንን የሚያስተምር ተቋም አለን፤ ቡናችንም ጃፓን ይጠጣል። ይሄ ከኅሩይ ዘመን ይሻላል። ግን አሁንም ስለ ጃፓን፣ ስለ ቻይና ወይም ስለ ኮሪያ ዕድገት ስናደንቅ የምጠይቀው እሳቸው ትተውልን የሄዱትን ጥያቄ ነው፦ የሚገዛን ሁሉ ወዳጅ ይባላል፤ እኛ ጋር ያለው ግን ባይኖር የሚጎድልበት ማን ነው? መልሱ ቶኪዮ የለም። እዚሁ ማሳችንና ወርክሾፓችን ውስጥ ነው።