ጁሊያ ፕላት እና የፓሲፊክ ግሮቭ ጥብቅ ባሕር፦ ዘር ሳይመናመን የመጠበቅ ጥያቄ

ጁሊያ ባርሎ ፕላት እ.ኤ.አ. በ1857 በሳን ፍራንሲስኮ ተወልደው በቨርሞንት ግዛት አደጉ። በ1882 ከቨርሞንት ዩኒቨርሲቲ ተመርቀው በሃርቫርድና በአውሮፓ የምርምር ተቋማት የፅንስ ዕድገትን አጠኑ፤ በ1898ም ከጀርመኑ ፍራይቡርግ ዩኒቨርሲቲ በሥነ እንስሳት የዶክትሬት ዲግሪ ተቀበሉ። በሳላማንደር ፅንስ ላይ ባካሄዱት ምርምር የመንጋጋ ልም አጥንት ከፅንሱ የውጭ ሽፋን በሚመነጩ ሕዋሳት እንደሚሠራ አመለከቱ። የዘመኑ ሊቃውንት አጥንትና ልም አጥንት ከመካከለኛው ሽፋን ብቻ እንደሚገኙ ያምኑ ስለነበር ግኝቱን አልተቀበሉትም። ትክክለኛነቱ የተረጋገጠው ከብዙ ዐሥርት ዓመታት በኋላ ነው።

በ1899 በካሊፎርኒያዋ የባሕር ዳርቻ ከተማ በፓሲፊክ ግሮቭ ሲሰፍሩ የዩኒቨርሲቲ የሥራ መደብ ስላላገኙ ሙሉ ጉልበታቸውን ለከተማዋ ጉዳይ አዋሉ። ለሕዝብ ክፍት ሊሆን የሚገባው የባሕር ዳርቻ መግቢያ በተዘጋ ጊዜ በሩን በመጥረቢያ ሰብረው እስከ መክፈት ደርሰዋል። ሰባ ዓመት ካለፋቸው በኋላም በ1931 የከተማዋ ከንቲባ ሆነው ተመረጡ።

በዚያን ጊዜ የሞንቴሬይ ባሕረ ሰላጤ ሀብት በብርቱ እየተጠቃ ነበር። አባሎኒ የተባለውን ትልቅ የባሕር ቀንድ አውጣ በመጀመሪያ ቻይናውያን ዓሣ አስጋሪዎች፣ ቀጥሎም ጃፓናውያን ጠላቂዎች ለገበያ ሰበሰቡት። በኋላ ደግሞ የሰርዲን ማሸጊያ ፋብሪካዎች ዝቃጭ ውኃውን በከለው። በ1931 የግዛቲቱ ምክር ቤት ባወጣው ሕግ ፓሲፊክ ግሮቭ የባሕር ዳርቻዋን የማስተዳደር ሥልጣን አገኘች፤ በሆፕኪንስ የባሕር ምርምር ጣቢያ አጠገብ ያለው ውኃም ጥብቅ ሥፍራ ሆነ። ከዚህ ውጤት ጀርባ የፕላት ጥረት ነበር።

የውሳኔው ፋይዳ ከአባሎኒ አወላለድ አንጻር ጎልቶ ይታያል። ወንዱና ሴቷ ዘራቸውንና እንቁላላቸውን ወደ ውኃ ይለቃሉ እንጂ አይገናኙም። ስለዚህ ተቀራርበው ካልኖሩ እንቁላሉ ሳይዳብር ይቀራል። ቁጥራቸው ከመነመነና ከተራራቁ በኋላ ማስገሩን መከልከል ብቻውን ዘሩን አይመልሰውም። የነጭ አባሎኒ ታሪክ ለዚህ ማስረጃ ነው። በ1970ዎቹ በብዛት ከተሰበሰበ በኋላ በራሱ ማገገም ስላልቻለ በ2001 በአሜሪካ ሕግ ለመጥፋት ከተቃረቡ ዝርያዎች መዝገብ ገባ። በምርምር ጣቢያ የተራቡ ግልገሎችን ወደ ባሕር መመለስ የተጀመረው ግን በ2019 ነው። ዘሩ ገና በብዛት ሳለ የሚጠበቅ ሥፍራ ይህን ረጅምና ውድ መንገድ ያስቀራል፤ ከዚያ የሚወጡ እጮችም በሞገድ ተወስደው አጎራባች ዓለቶችን ሊያለሙ ይችላሉ።

ይሁን እንጂ ጥብቅ ሥፍራ ሁሉን አይፈታም። በ2009 ከመዝገቡ የገባውን ጥቁር አባሎኒ ክፉኛ የጎዳው፣ ከማስገር በተጨማሪ፣ አካልን የሚያመነምን በሽታ ሲሆን፣ በሽታ ደግሞ ወሰን አያከብርም። ከዚህም ሌላ የቀድሞው የአባሎኒ ብዛት በከፊል የተገኘው የባሕር ኦተር ለጸጉሩ ሲባል ታድኖ ሊጠፋ በመቃረቡ ነበር። ኦተሮች በ1960ዎቹ ወደ አካባቢው ሲመለሱ አባሎኒንም የባሕር ጃርትንም በሉ። አባሎኒዎች በዓለት ስንጥቅ ተወስነው ሲቀሩ፣ የባሕር ጃርት ይግጠው የነበረው ኬልፕ የተባለ ረጅም የባሕር ዕፅ ግን ደን ሆኖ አንሰራራ። ስለሆነም የማገገም መለኪያ የአንድ ዝርያ ቁጥር ብቻ ሊሆን አይገባም።

ፕላት በ1935 ዐረፉ፤ በኑዛዜያቸው መሠረት አስከሬናቸው ወደ ባሕሩ ወረደ። የኦተሮችን መመለስም ሆነ የኬልፑን ማገገም አላዩም። እንደ ፅንስ ምርምራቸው ሁሉ፣ ያስጠበቁት ውኃም ዋጋው የታወቀው ከእሳቸው በኋላ ነው።