በሦስት ቀን ውስጥ ያለፉት ሁለቱ፦ ራስ ጉግሣ ወሌ እና 1922 ዓ.ም.

ወረታ ላይ ታጥፎ ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣውን መንገድ ታውቁታላችሁ አይደል? ከፎገራ ሜዳ የሩዝ ማሳ ይነሳና ደብረ ታቦርን፣ ጋይንትን አቋርጦ ወልዲያ ይገባል። የዛሬው ባለታሪካችን ሕይወት በዚሁ አቅጣጫ ተጀምሮ በዚሁ አቅጣጫ ያለቀ ነው። የጁ ተወለዱ፣ ደብረ ታቦር ሆነው ገዙ፣ በመሃል በጦር ሜዳ ቀሩ። ራስ ጉግሣ ወሌ ይባላሉ።

አባታቸው ራስ ወሌ ብጡል የእቴጌ ጣይቱ ወንድም ናቸው። ጣይቱ በ1890ዎቹ መጀመሪያ የወንድማቸውን ልጅ ከምኒልክ ልጅ ከዘውዲቱ ጋር አጋቧቸው። ዘውዲቱ የተወለዱት በ1868 ነው፤ አገሪቱ ጉንደትና ጉራ ላይ ከግብፅ ጦር ጋር በተዋጋችበት ዓመት ማለት ነው። ከጉግሣ በፊትም ገና በልጅነታቸው ለአፄ ዮሐንስ ልጅ ለራስ አርአያ ሥላሴ ተድረው ነበር።

ምኒልክ ታመው አልጋ ላይ ሲውሉ ነገሩ ሁሉ ተገለባበጠ። በ1902 መኳንንቱ ጣይቱን ከሥልጣን ገለል አደረጓቸው። ጉግሣም የእሳቸው ወገን ናቸውና ሹመታቸውን ተነጥቀው ታሰሩ።

ከዓመታት በኋላ የመጣው ደግሞ የባሰ ነበር። ሐምሌ 1908 ለተፈሪ መኮንን ወንድ ልጅ ተወለደ፤ አስፋ ወሰን። ሁለት ወር ገደማ ቆይቶ፣ መስከረም 17 ቀን 1909 ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ወረዱ። ዘውዲቱ ነገሡ፣ ተፈሪ አልጋ ወራሽ ሆኑ። ጥቅምት 17 ደግሞ ሰገሌ ላይ ብዙ ደም ፈሰሰ።

ለዘውዲቱ ግን ዘውዱ በነፃ አልመጣም። መኳንንቱ የጣይቱ ቤት በጉግሣ በኩል ተመልሶ ቤተ መንግሥት እንዲገባ አልፈለጉም። ስለዚህ ንግሥቲቱ ከባላቸው እንዲለዩ ተደረገ። እሳቸው አዲስ አበባ፣ ጉግሣ ደግሞ የበጌምድር ገዥ ሆነው ደብረ ታቦር። የእኛ ፎገራም ያኔ በጌምድር ውስጥ ነበር።

ዓመታት አለፉ። የተፈሪ ጉልበት እየጨመረ፣ የዘውዲቱ እየቀነሰ ሄደ። መስከረም 27 ቀን 1921 ተፈሪ ንጉሥ ተባሉ። ጉግሣ ይህን መዋጥ አቃታቸው፤ በ1922 ጦር አስከተቱ። ከአዲስ አበባ በኩል የጦር ሚኒስትሩ ደጃዝማች ሙሉጌታ ይገዙ ዘመቱ።

ጉግሣ ያልጠበቁት ነገር ከሰማይ መጣ። አገራችን አውሮፕላን ካየች ዓመት እንኳ አልሞላም ነበር። አውሮፕላኑ መጀመሪያ ወረቀት በተነ፤ ጉግሣን የተከተለ ሁሉ የተወገዘ ነው የሚል። ቀጥሎ ቦምብ ጣለ። መጋቢት 22 ቀን 1922 በጌምድርና ወሎ በሚዋሰኑበት አካባቢ፣ አንቺም ላይ ጉግሣ በጥይት ተመትተው ወደቁ። ውጊያው በሰዓታት ውስጥ አለቀ።

በሁለተኛው ቀን፣ መጋቢት 24፣ ንግሥት ዘውዲቱ አዲስ አበባ ውስጥ አረፉ። ስኳር ሕመም ነበረባቸው። የቀድሞ ባላቸውን ሞት ሰምተው ደንግጠው ነው የሚል ወሬ እስከ ዛሬ አልጠፋም። በሕይወት የቆየላቸው ልጅ አልነበረም።

ጥቅምት 23 ቀን 1923 ተፈሪ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ንጉሠ ነገሥት ሆኑ። ያ በግርግሩ ዋዜማ የተወለደው ልጅ በ14 ዓመቱ አልጋ ወራሽ ሆነ። የካቲት 1923 ደግሞ ታናሽ ወንድሙ ልዑል ሣህለ ሥላሴ ተወለደ።

ይህን ታሪክ ያነሳነው ማን ትክክል ነበር ብለን ለመፍረድ አይደለም። በትምህርት ቤት 1923 የዘውድ በዓል ዓመት ሆኖ ነው የተማርነው። ከዚያ በዓል ሰባት ወር በፊት ግን የበጌምድር ገበሬ ጌታውን ተከትሎ ወጥቶ፣ አይቶት የማያውቀው ነገር ከላይ እሳት አዘነበበት። የጉግሣን ስም እናውቃለን፤ አብረዋቸው የወደቁትን ግን የሚያስታውሳቸው ካለ ቤተሰባቸው ብቻ ነው። አያቶቻችሁ በሕይወት ካሉ፣ ዛሬ ማታ ስለ አንቺም ጠይቋቸው።