አለን ሹጋርት፡ ከማሽን ጥገና እስከ ሲጌት

ከቦሌ መድኃኔዓለም እስከ መገናኛ ባሉት የኮምፒዩተር መሸጫዎች ለዴስክቶፕ የሚሆን ሀርድ ዲስክ የጠየቀ ሰው የሚሰማው ስም ከሦስት አይዘልም፤ ሲጌት፣ ዌስተርን ዲጂታል እና ቶሺባ። አንዱ ባለሱቅ ሲጌትን አወድሶ ዌስተርን ዲጂታልን ያጣጥላል፤ አጠገቡ ያለው ደግሞ በተቃራኒው ይምላል። በዓለም ላይም ቢሆን የሚሽከረከር ዲስክ በመሥራት የቀሩት እነዚሁ ሦስቱ ናቸው። ወዳጅ ዘመድ ዲስኩ በተበላሸ ቁጥር ምረጥልኝ እያለ ስለሚጠራኝ ከስሞቹ ጋር ተላምጃለሁ። ገበያ ለሚወጣ ሰው ከሻጭ ምስክርነት ይልቅ የአንደኛውን መሥራች ታሪክ ማወቅ ይጠቅመዋል ብዬ ስለማምን፣ ዛሬ የሲጌቱን አለን ሹጋርትን ሕይወት ላጫውታችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሹጋርት ሴፕቴምበር 27 ቀን 1930 በሎስ አንጀለስ ተወለደ። በካሊፎርኒያው ሬድላንድስ ዩኒቨርሲቲ ኢንጂነሪንግ ፊዚክስ አጥንቶ በ1951 ተመረቀና በማግስቱ አይቢኤም ገባ። የተሰጠው ሥራ ምርምር አልነበረም። የደንበኞች መሥሪያ ቤት ድረስ እየሄደ የተበላሸ ማሽን ይጠግን ነበር። በኋላ በዲስክ ዓለም ትልቅ ስም ያተረፈው ሰው ሀ ብሎ የጀመረው ከብልሽት ጋር በመታገል መሆኑን ልብ በሉልኝ።

በ1955 ወደ ሳን ሆሴ ቤተ ሙከራ ተዛወረ። እዚያ በሬይኖልድ ጆንሰን የሚመራ ቡድን፣ መረጃን በካርድና በቴፕ ላይ ተራ በተራ መፈለግን አስቀርቶ በቀጥታ ወደተፈለገው ቦታ የሚያደርስ መሣሪያ እየሠራ ነበር። የድካማቸው ውጤት በ1956 ይፋ የሆነው ራማክ ነው። የዓለም የመጀመሪያው ሀርድ ዲስክ ያለው በዚህ ማሽን ውስጥ ነበር። እያንዳንዳቸው 24 ኢንች ስፋት ያላቸው 50 ሳህኖች እንደ እንጀራ ተደራርበው ይሽከረከሩበታል። ክብደቱ ከአንድ ቶን በላይ ሲሆን የሚይዘው ግን 5 ሚሊዮን ፊደላት ብቻ ነበር። ዛሬ በስልካችን የምናነሳት አንዲት ፎቶግራፍ ልትሞላው ትችላለች።

ሹጋርት በአይቢኤም ደረጃ በደረጃ አድጎ የዲስክ ምርቶች ኃላፊ ሆነ። ፍሎፒ ዲስክን የፈለሰፈው ቡድንም በእሱ ሥር ነበር። በ1969 ግን አይቢኤምን ትቶ ወደ ተፎካካሪው ሜሞሬክስ ሄደ፤ በርካታ መሐንዲሶችም ተከትለውት ወጡ። በ1973 የራሱን ኩባንያ በራሱ ስም፣ ሹጋርት አሶሺየትስ ብሎ አቋቋመ። ዓመት ከመንፈቅ ያህል ቆይቶ፣ በ1974፣ ከገዛ ኩባንያው ወጣ።

በአርባ አራት ዓመቱ ሥራም ኩባንያም የለውም። የዓሣ ማስገሪያ ጀልባ ገዝቶ ሳልመን ማጥመድ ያዘ፤ ከጓደኞቹ ጋር ሳንታ ክሩዝ ውስጥ መጠጥ ቤት ከፈተ። ስሙን ይዞ የቀረው ኩባንያ በ1976 ባለ 5.25 ኢንቹን ፍሎፒ ለገበያ አቀረበ፤ በ1977 ዜሮክስ ገዛው። ሹጋርት በ1979 ከፊኒስ ኮነርና ከሌሎች ጋር ተመልሶ ሹጋርት ቴክኖሎጂ የሚል ድርጅት ሲያቋቁም፣ ስሙ የዜሮክስ ንብረት ሆኗልና የሕግ ክርክር ተነሳበት። የአባቱን ስም ትቶ ሌላ ስም መምረጥ ነበረበት። ሲጌት የተባለው ያኔ ነው። እኛ ዛሬ ሱቅ ገብተን በስም የምንከራከርበት ምርት፣ ባለቤቱ በራሱ ስም እንዳይጠራው የተከለከለ ምርት ነው።

በ1980 ሲጌት ኤስቲ 506 የተባለውን ዲስክ አወጣ። 5 ሜጋባይት ይይዛል፤ ዋጋው 1,500 ዶላር ነበር። ትልቁ ቁም ነገር ግን መጠኑ ነው፤ በ5.25 ኢንቹ ፍሎፒ ቦታ ልክ የተሠራ በመሆኑ ጠረጴዛ ላይ በሚቀመጥ ኮምፒዩተር ውስጥ ገባ። በ1983 አይቢኤም ፒሲ ኤክስቲን ሲያወጣ የሲጌትን ባለ 10 ሜጋባይት ዲስክ ተጠቀመ። የሲጌት የኬብል አገጣጠም ሌሎች አምራቾች የሚከተሉት ልማድ ሆነ። አንዱ ሲበላሽ የሌላ ኩባንያ ዲስክ አምጥቶ በቦታው መተካት የተለመደው በዚህ ዓይነት መንገድ ነው።

ዛሬም ዲስክ የሚመርጥ ሰው አስቀድሞ ማየት ያለበት ይህንኑ ልክ ነው። ብዙዎቻችን ሲፒዩ የምንለውን ሳጥን ከፍቶ ኬብሉን ማየት ይበቃል። ሰፊና ጠፍጣፋ ከሆነ የቀድሞው አይዲኢ ነው፤ ቀጭን ከሆነ ከ2003 ወዲህ የተስፋፋው ሳታ ነው። የዴስክቶፕ ዲስክ ባለ 3.5 ኢንች፣ የላፕቶፕ ባለ 2.5 ኢንች የሚባለው ነው።

ከልኩ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ግን ዲስኩ ላይ ያለው ነገር ምን ያህል ይቆጫል የሚለው ነው። ገርጂ ያለው ዕድራችን ዴስክቶፕ አለው። የአባላቱ ስም፣ የየወሩ መዋጮ፣ ለማን ምን ያህል እንደተከፈለ የተመዘገበው እዚያ ላይ ነው። መብራት ከጠፋበት አንድ ምሽት በኋላ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ ማለት ጀመረ። ጸሐፊው ጋሽዬ ሲደውሉልኝ ድምፃቸው ተለውጦ ነበር፤ እውነት አላቸው። መዝገቡ ጠፋ ማለት ሰው በሞተበት ቤት ድንኳን ሥር ከፍለሃል አልከፈልክም የሚል ክርክር ሊነሳ ነው። ማሽኑን ያጥፉት አልኳቸው። ዲስኩን አውጥቼ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ሰካሁትና ሌሊቱን ሙሉ ገለበጥኩ። ከሦስት ፋይሎች በቀር ሁሉም ወጣ።

ምትኩን ፍለጋ የወጣሁት ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ሱቅ የታሸገ አዲስ ነው ብሎ ያቀረበልኝን ዲስክ እዚያው ሰክቼ የራሱን መዝገብ ባነበው፣ ከ31,000 ሰዓት በላይ ሠርቷል፤ ያለ ዕረፍት ሦስት ዓመት ተኩል ማለት ነው። ዲስክ የሠራበትን ሰዓትና የተጎዱበትን ሴክተሮች ቁጥር ራሱ ይመዘግባል፤ በነፃ የሚገኝ ሶፍትዌር ያነበዋል። ቆጣሪውም ቢሆን የመጨረሻ ዳኛ አይደለም። በ2025 መጀመሪያ ላይ ቆጣሪያቸው ወደ ዜሮ የተመለሰ ያገለገሉ የሲጌት ዲስኮች ጀርመን ውስጥ እንደ አዲስ ተሸጠው ተገኝተዋል፤ ኩባንያው እጁ እንደሌለበት አስታውቋል። ስለዚህ የዲስኩን መለያ ቁጥር በአምራቹ ድረ ገጽ ላይ አስገብቶ ዋስትናውን ማየት ይገባል።

ለዕድሩ የመረጥኩት ለዊንዶውስና ለዕለት ሥራ አነስተኛ ኤስኤስዲ፣ ለቅጂ ደግሞ ተራ ሀርድ ዲስክ ነው። ኤስኤስዲ የሚሽከረከር አካል የለውም፤ ፈጣን ነው። ነገር ግን ሲሞት ብዙ ጊዜ ቀጭ ቀጭ ብሎ አያስጠነቅቅም። ሁለቱንም ከመብራት መቆራረጥ የሚጠብቅ ዩፒኤስ ተጨመረ። የቅጂው ዲስክ የሚቀመጠው በሊቀመንበሩ ቤት ነው፤ አንድ ሌባ ወይም አንድ እሳት ሁለቱን አንድ ላይ እንዳያገኛቸው።

ወደ ሹጋርት ልመለስ። በእሱ አመራር ሲጌት በ1989 የኮንትሮል ዳታን የዲስክ ክፍል ኢምፕሪሚስን ገዛ፤ በ1992 በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚሽከረከረውን ባራኩዳ አወጣ። ስሙ ዛሬም በየሱቁ አለ። ተጣልቶ እንደወጣ ልጅ ሄዶ ተቀናቃኝ ኩባንያ ያቋቋመው ፊኒስ ኮነር በ1996 ድርጅቱ ከሲጌት ጋር ተቀላቀለ። በዚያው ዓመት ሹጋርት በፖለቲከኞች ተሰላችቶ ኧርነስት የተባለ ውሻውን ለአሜሪካ ምክር ቤት ዕጩ አድርጎ ለማቅረብ ተነሳ። በ2000 ደግሞ የካሊፎርኒያ መራጮች ከቀረቡት ማንንም አልመርጥም ማለት እንዲችሉ የሚያደርግ ሐሳብ ለሕዝብ ድምፅ እንዲቀርብ ደገፈ፤ አላለፈም።

በጁላይ 1998 በቦርዱ ግፊት ከሲጌት ወጣ፤ ራሱ ከመሠረተው ኩባንያ ሲወጣ ሁለተኛው መሆኑ ነው። ዲሴምበር 12 ቀን 2006 ከልብ ቀዶ ሕክምና በኋላ በገጠመው ችግር ሞንተሬ ውስጥ በ76 ዓመቱ አረፈ።

በሕይወቱ ስም ከሰው ወደ ኩባንያ፣ ከኩባንያ ወደ ሌላ ኩባንያ ሲተላለፍ አይተናል። በዲስክ ጀርባ ላይ የተለጠፈውም ስም እንደዚያው ነው፤ ለልጆቻችሁ ፎቶግራፍ ወይም ለመሥሪያ ቤታችሁ ሂሳብ ዋስ አይሆንም። ልኩን እዩ፣ ሰዓቱን አንብቡ፣ ከሁሉም በፊት ግን ሁለተኛ ቅጂ በሌላ ቦታ አስቀምጡ። ከዚያ በኋላ የትኛውንም ስም ብትገዙ ብዙ አትጎዱም።