ለማን? ደብሊው ኦ ቤንትሌይ እና ያልፈለጋት መኪና

ባለፈው ሴሚስተር በሞተር ተሽከርካሪ ኮርስ ላይ ክፍላችን ለሁለት ተከፍሎ ተከራክሮ ነበር። ርዕሱ አንድ የመኪና ፋብሪካ ለረጅም ሰዓት ውድድር ሲል በቁጥር የተወሰነች፣ እጅግ ፈጣንና ውድ መኪና መሥራት ይገባዋል ወይስ አይገባውም የሚል ነው። እኔ የደረሰኝ ይገባዋል ከሚለው ወገን ነበር። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኛል፤ ፈጣን መኪና ይሠራ ብሎ መከራከርን ማን ይጠላል? ታዲያ መምህራችን ባዶ እጃችሁን እንዳትመጡ፣ አንድ አንድ የታሪክ ማስረጃ ይዛችሁ ኑ ስላሉን ቤተ መጻሕፍት ገባሁ። እዚያ ያገኘሁት ሰው ዋልተር ኦወን ቤንትሌይ ይባላል። ለወገኔ ይጠቅመኛል ብዬ ጀመርኩት፤ መጨረሻው ላይ ግን ክርክሬን አበላሸብኝ። ውድ አንባቢያን፣ በዚህ ጽሑፍ የማቀርብላችሁ የዚህን ሰው ሕይወት ነው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ቤንትሌይ በ1888 ለንደን ውስጥ ተወለደ። ለቤተሰቡ ዘጠነኛና የመጨረሻ ልጅ ነበር። ሰዎች ስሙን አሳጥረው ደብሊው ኦ ይሉታል፤ እኔም እንደዚያው እለዋለሁ። በ16 ዓመቱ ትምህርቱን ትቶ ዶንካስተር በሚገኘው የግሬት ኖርዘርን ባቡር ኩባንያ ወርክሾፕ በተለማማጅነት ገባ። አምስት ዓመት ያህል ከእንፋሎት ባቡር ጋር ኖረ። ይህቺን ነገር ልብ በሉልኝ፣ በኋላ ታስፈልገናለች። የባቡር ሞተር ትልቅ ነው፤ ሳይጣደፍና ሳይጨነቅ ከባድ ጭነት ይዞ ቀኑን ሙሉ ይሄዳል። ደብሊው ኦ በኋላ የሠራቸው ሞተሮች ሁሉ የዚህ ልጆች ይመስሉኛል።

ከባቡሩ ወጥቶ በአንድ የለንደን ታክሲ ኩባንያ 250 ታክሲዎችን የማስጠገን ሥራ ያዘ። እዚያ ከሁሉ ያስገረመው ሾፌሮቹ ቆጣሪውን የሚያታልሉበት ብልሃት ነበር ይባላል። (ሾፌር የትም አገር ሾፌር ነው።) በ1912 ከወንድሙ ጋር ሆኖ ዲ ኤፍ ፒ የሚባሉ የፈረንሳይ መኪናዎችን እያስመጣ መሸጥ ጀመረ። በዓመቱ ፋብሪካውን ለመጎብኘት ፈረንሳይ ሲሄድ ጠረጴዛ ላይ አንዲት የወረቀት መጫኛ አየ። በፒስተን ቅርጽ ከአሉሚኒየም የተሠራች ጌጥ ናት። ያን ጊዜ ፒስተን የሚሠራው ከካስት አይረን ወይም ከብረት ነበር። አሉሚኒየም ሙቀቱን አይችልም ተብሎ ይፈራ ነበር። ሌላው ሰው ጌጥ ያየበት ቦታ እሱ ፒስተን አየ። 88 በመቶ አሉሚኒየምና 12 በመቶ መዳብ አስቀልጦ ፒስተን አሠራ፤ ፒስተኑ ቀለለ፣ ሞተሩም ፈጠነ። በ1914 በቱሪስት ትሮፊ ውድድር በዚያች ትንሽ ባለ 2 ሊትር መኪና ስድስተኛ ሆኖ ጨረሰ።

ወዲያው አንደኛው የዓለም ጦርነት መጣ። ደብሊው ኦ የፒስተኑን ምስጢር ደብቆ አልተቀመጠም፤ ለባሕር ኃይሉ አየር ክፍል ሰጠ፣ የአውሮፕላን ሞተር ለሚሠሩት ለሮልስ ሮይስና ለሰንቢም መሐንዲሶችም አስረዳ። ሮልስ ሮይስ የሚለውን ስም አትርሱት። ራሱም ቤንትሌይ ሮታሪ የሚባሉ የአውሮፕላን ሞተሮች ነደፈ፤ ታዋቂው የሶፕዊዝ ካምል ተዋጊ አውሮፕላን ከተጠቀመባቸው ሞተሮች አንዱ የእሱ ነው። ከጦርነቱ በኋላ መንግሥት 8,000 ፓውንድ ሸለመው።

በ1919 ቤንትሌይ ሞተርስን አቋቋመ። በዚያው ዓመት ሚስቱ እኛ የኅዳር በሽታ በምንለው የዓለም ወረርሽኝ ሞተችበት። የመጀመሪያዋ ባለ 3 ሊትር መኪና ለደንበኛ የደረሰችው በ1921 ሲሆን ለአምስት ዓመት ዋስትና ይሰጣት ነበር። ለአዲስ ኩባንያ ይህ ድፍረት ነው። ገንዘብ ግን አልነበረውም። ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው ቀን ገንዘብ አልነበረውም ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

አሁን ወደ ውድድሩ እንምጣ። በ1923 ለማን በምትባል የፈረንሳይ ከተማ የ24 ሰዓት ውድድር ተጀመረ። (ስሟ በአማርኛ ሲጻፍ ጥያቄ ይመስላል፤ ለማን? ጥያቄውም እኮ ተገቢ ነው።) ጆን ደፍ የተባለ ደንበኛ በገዛ 3 ሊትር መኪናው ልወዳደር ብሎ ሲመጣ ደብሊው ኦ ነገሩን እብደት ነው ብሎት ነበር። መኪና 24 ሰዓት ሙሉ እንዲህ ተነድታ አትተርፍም ባይ ነው። በመጨረሻው ሰዓት ግን አላስችል ብሎት ሊያይ ሄደ። መኪናዋ የፊት ፍሬን እንኳ አልነበራትም። ድንጋይ ሰልባቲዮዋን በስቶ ቤንዚኑ አለቀና ደፍ እስከ ፒት ድረስ በእግሩ ሮጠ፤ ተራው የደረሰው ፍራንክ ክሌመንት ደግሞ ቤንዚን ይዞ በብስክሌት ተመለሰ። ያም ሆኖ አራተኛ ወጡ። ደብሊው ኦ በዚያች ሌሊት ሐሳቡን ቀየረ። በማግስቱ ዓመት ደፍና ክሌመንት አሸነፉ።

ሐሳቡን ሲቀይር ምን እንዳየ መረዳት አለብን። ያየው ይህ ነው፦ ደንበኛ ሱቅ ገብቶ የሚገዛት መኪና ራሷ 24 ሰዓት ተነድታ ከቆየች ከዚህ የበለጠ ማስታወቂያም፣ ከዚህ የበለጠ የፋብሪካ ምርመራም የለም። የተሰበረው ዕቃ ወደ ወርክሾፕ ይመለሳል፤ ይስተካከላል፤ የሚቀጥለው ደንበኛ የተሻለች መኪና ይገዛል። ለእሱ ውድድር ማለት ይህ ብቻ ነው። በ1927 ሦስቱም የቤንትሌይ መኪናዎች ሌሊት አንድ ኩርባ ላይ ተላተሙ። አንዷ ተጣማ፣ ተጎሳቁላ ወጥታ፣ በገመድና በሽቦ ተጠጋግና አሸነፈች። ለንደን ሲመለሱ ሳቮይ ሆቴል ግብዣ ተደርጎ መኪናዋ ራሷ እንደ ክብር እንግዳ አዳራሽ ገባች። እኔ በበኩሌ ሺህ ማስታወቂያ ይህን አይተካውም እላለሁ።

ይሁን እንጂ ከዚህ ድል በፊት በ1926 አንድ ትልቅ ነገር ተለውጧል። ኩባንያው ሊዘጋ ሲል ዎልፍ ባርናቶ የተባለ፣ ከደቡብ አፍሪካ አልማዝና ወርቅ የመጣ ሀብት የወረሰ ወጣት ገንዘቡን አፈሰሰና ሊቀ መንበር ሆነ። ጎበዝ ነጂም ነበር፤ ለማን ላይ ሦስት ጊዜ ተሰልፎ ሦስቱንም አሸንፏል። ደብሊው ኦ መሐንዲስነቱ አልተነካም፣ ስሙም በራዲያተሩ ላይ ነበር፤ ውሳኔው ግን ከእጁ ወጣ።

ይህ የታየው በቲም በርኪን ጉዳይ ነው። በርኪን ደፋር፣ ፈጣን፣ መኪና የማይራራ ነጂ ነበር። በባለ 4½ ሊትሯ ሞተር ላይ ሱፐርቻርጀር ይገጠም አለ። ለሌላ ዲፓርትመንት አንባቢ ባጭሩ፦ ሱፐርቻርጀር አየርና ነዳጁን በግድ ወደ ሲሊንደር የሚገፋ መሣሪያ ነው። ብዙ ድብልቅ ሲገባ ብዙ ይቃጠላል፣ ኃይል ይጨምራል። ነገር ግን ግፊቱም ሙቀቱም አብሮ ይጨምራል፤ ፒስተኑ፣ ቫልቩ፣ ካንዴላው ሁሉ ከታሰበለት በላይ ይሸከማል፤ ቤንዚኑም እንደ ውኃ ይጠጣል። ለአንድ ዙር ድንቅ ነው። ለ24 ሰዓት ግን?

ደብሊው ኦ አጥብቆ ተቃወመ። የራሱ መንገድ ሌላ ነበር፤ ተጨማሪ ኃይል ካስፈለገ ሞተሩን ማተለቅ። ከ3 ሊትር ወደ 6½ እና ወደ 4½ የሄደው ለዚህ ነው። ባቡሩን አስታወሳችሁ? በርኪን ግን እሱን ትቶ ባርናቶን አሳመነ። ዶሮቲ ፓጄት የተባለች ባለጸጋ ሴት ደግሞ የውድድሩን ወጪ ቻለች፣ አምኸርስት ቪሊየርስ የተባለ መሐንዲስም ሱፐርቻርጀሩን ነደፈ። ደብሊው ኦ በሞተሩ ውስጥ እንዲያካትቱት ስላልፈቀደ መሣሪያው ከራዲያተሩ ፊት፣ ከክራንክሻፍቱ ጫፍ ላይ ተንጠለጠለ። ፎቶዋን ያየ ሁሉ የሚያውቃት ያቺ ፊቷ ያበጠ መኪና እንዲህ ተወለደች። ብሎወር ተባለች።

እንግዲህ የክርክራችን ነጥብ እዚህ ላይ ነው። በለማን ደንብ መኪናዋ እንድትሰለፍ ፋብሪካው 50 መሥራት ነበረበት። በዓመት ጥቂት መቶ መኪና ብቻ ለሚያወጣ፣ ሁልጊዜ ገንዘብ ለሚያጥረው ፋብሪካ 50 ቀላል አይደለም። 50ው ተሠሩ፤ ለውድድሩ ቡድን የተሠሩት አምስቱ ሲጨመሩ 55 ሆኑ። የደብሊው ኦ ጥያቄ የመሐንዲስ ብቻ አልነበረም። 50ዎቹ የተሠሩት ደንበኛ ጠይቋቸው ሳይሆን ደንቡ ስለጠየቃቸው ነው። ለማን? ለለማን።

ውጤቱስ? በ1929 ብሎወር ለለማን አልደረሰችም። አስቂኙ ነገር በርኪን ራሱ በዚያ ዓመት ከባርናቶ ጋር ሆኖ ያሸነፈው ሱፐርቻርጀር በሌላት በደብሊው ኦ ስፒድ ሲክስ ነው። የቤንትሌይ መኪናዎች ከአንደኛ እስከ አራተኛ ተከታትለው ገቡ። በ1930 ብሎወሮቹ ተሰለፉ። በርኪን የካራቺዮላን መርሴዲስ ሲያሳድድ የጎማው ላስቲክ ተገሽልጦ ሳለ ሣር ላይ ወጥቶ አለፈው። ይህን ሳነብ ልቤ እንዴት እንደመታ! መርሴዲሱ ሌሊት ላይ በኤሌክትሪክ ብልሽት ቆመ። ብሎወሮቹም ሁለቱም አልጨረሱም። ያሸነፉት እንደገና ስፒድ ሲክሶች ናቸው፤ አንደኛና ሁለተኛ። የእኔ ወገን ልጆች ብሎወር ራሷን ሠውታ መርሴዲሱን አደከመችው ብለን እንከራከር አሉ። ይቻላል፤ ግን መርሴዲሱን እስከ ሌሊቱ ድረስ ያስጨነቁት ስፒድ ሲክሶቹ ናቸው። ብሎወር ትልቁ ውጤቷ በዚያው ዓመት ፖ ከተማ ላይ በፈረንሳይ ግራን ፕሪ ሁለተኛ መውጣቷ ነው። ለማንን አንድም ቀን አላሸነፈችም።

በ1931 ቤንትሌይ ሞተርስ ወደቀ። ብሎወር ጣለችው ለማለት ቸኩዬ ነበር፤ ግን ሐቅ አይደለም። የዓለም ኢኮኖሚ ቀውስ ነበር፣ ባርናቶም እጁን ሰበሰበ። ደብሊው ኦ ራሱም ቢሆን ንጹሕ አይደለም። ሰው ሥራ በሚያጣበት በ1930 ያቀረበው ባለ 8 ሊትር መኪና ነው፤ ምርጥ መኪና ነበር፣ 100 ብቻ ተሠራ። ሞተር ማተለቅ የሚባለው መንገድም ገደብ አለው ማለት ነው። ኔፒየር የተባለው ኩባንያ ሊገዛ ተስማምቶ ደብሊው ኦም አዲስ ሞተር ማሰብ ጀምሮ ሳለ ፍርድ ቤት ውስጥ ያልተጠበቀ ተጫራች ከ125,000 ፓውንድ በላይ ሰጥቶ ወሰደው። ገዢው ማን እንደሆነ የታወቀው በኋላ ነው፤ ሮልስ ሮይስ ነበር። በጦርነቱ ጊዜ ፒስተኑን በነጻ ያስተማራቸው ሰዎች ማለት ነው።

ስሙም አብሮ ተሸጠ። እስከ 1935 በሮልስ ሮይስ ተቀጥሮ ቆየ፣ ሰርቶ ያስረከባቸው መኪና ግን አልነበረም። ከዚያ ላጎንዳ ገብቶ ባለ 12 ሲሊንደር ሞተር ነደፈ፤ ያቺ መኪና በ1939 ለማን ላይ ሦስተኛና አራተኛ ወጣች። ከሁለተኛው ጦርነት በኋላ የነደፈው ባለ 6 ሲሊንደር ሞተር ደግሞ ላጎንዳን ዴቪድ ብራውን ሲገዛው ወደ አስተን ማርቲን ዲቢ 2 ገባ። ደብሊው ኦ በ1971 በ82 ዓመቱ አረፈ። ልጅ አልነበረውም።

በክርክሩ ቀን ይህን ሁሉ አቀረብኩ። ከወገኔ አንዱ ዘመኑ ተለውጧል አለኝ። እውነቱን ነው፤ የለማን አዘጋጆች በቅርብ ዓመታት ባወጡት ደንብ 20 የመንገድ መኪና መሥራት ይጠየቅ ነበር፣ በኋላ ግን ለውድድር ብቻ የተሠራ መኪናም ተፈቀደ። ሆኖም አስተን ማርቲን በ2025 ከመንገድ ሱፐርካሩ ከቫልኪሪ የመጣች መኪና ለማን ላይ አሰልፏል። ገንዘብና ገዢ ካለ ይሁን፤ ስንት ሰው ይገዛታል፣ ከውድድሩ የተማሩትስ ወደ ሌላው መኪና ይመለሳል ወይ ብዬ ጠየቅኩ። ድምፅ ሲሰጥ እጄን ያወጣሁት ከተቃራኒው ወገን ጋር ነው። ጓደኞቼ እስከ ካፌ ድረስ ሲሰድቡኝ ሄዱ።

አንድ መልስ ያጣሁለት ነገር ግን አለ። የበርኪን ባለ አንድ መቀመጫ ብሎወር በ2012 ጨረታ ላይ ከ5 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ተሸጠች። ዛሬ ቤንትሌይ ሲባል ብዙ ሰው በዓይነ ሕሊናው የሚያየው ደብሊው ኦ የጠላትን መኪና ነው። ፋብሪካውም በ2019 አሮጌዋን ብሎወር ፈትቶ፣ እያንዳንዱን ዕቃ ለክቶ፣ 12 አዳዲስ ብሎወሮችን እንደሚሠራ አስታወቀ። ስፒድ ሲክስም ተራዋ ደረሰ፤ 12 እንደሚሠሩላት የተነገረው ግን በ2022 ነው። ቅደም ተከተሉን አያችሁልኝ?