ጋማል አብዱልናስርና የጉባኤዎቹ ውሳኔ

በሄሊዮፖሊስ አጠገብ በመንሺየት አል-በክሪ ይኖሩ የነበሩት ጋማል አብዱልናስር እ.ኤ.አ. በ1918 በእስክንድርያ ተወለዱ። ፓርቲዎች ከፈረሱ በኋላ በ1956 ለፕሬዚዳንትነት ሲመረጡ ሌላ ዕጩ አልነበረም። ከአቻ መሪዎች ጋር ሲቀመጡ ግን ነገሩ በትእዛዝ የሚያልቅ አልነበረም።

በጁላይ 1964 በካይሮ የተሰበሰበው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት አባላቱ በነጻነት ጊዜ የነበረውን ድንበር እንዲያከብሩ ወሰነ። ሶማሊያና ሞሮኮ አልተቀበሉትም። በዚያው ዓመት መጀመሪያ ኢትዮጵያና ሶማሊያ በድንበር ተዋግተው ነበርና ውሳኔው የደም ጉዳይ ነበር።

በሴፕቴምበር 1970 ደግሞ የዮርዳኖስን ንጉሥ ሑሴንንና ያሲር ዐረፋትን ያስማማው የካይሮ ጉባኤ በ27ኛው ቀን ተኩስ አቆመ። በማግስቱ የኩዌቱን አሚር ከአውሮፕላን ማረፊያ ሸኝተው ወደ ቤታቸው ተመለሱ፤ ያን ምሽት በ52 ዓመታቸው አረፉ። የተቀበሩትም ከቤታቸው ብዙም በማይርቅ መስጊድ ነው።