ነፃ ወጥቶ የተመለሰው ምርኮኛ

ክርስቶስን የሕይወታችን መሪ አድርገን እንከተላለን ማለት ለአንደበት ቀላል ነው። መከተላችን የሚታወቀው ግን መንገዱ ለሁለት ሲከፈልና ማንም ሳያስገድደን አንዱን ስንመርጥ ነው። ይህንን ከአባታችን ከአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ሕይወት እንማራለን። ስማቸውን ከልጅነታችን ጀምሮ ብንሰማም፣ ታሪካቸውን ረጋ ብለን ያሰብን ጥቂቶች ነን።

በ4ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ ሜሮጵዮስ የተባለ የጢሮስ ፈላስፋ ፍሬምናጦስና ኤዴስዮስ የተባሉ ሁለት ልጆችን ይዞ በባሕር ተጓዘ። ሲመለሱ መርከባቸው ውኃና ስንቅ ለመያዝ ወደብ ላይ ቆመች። የአገሩ ሰዎች ከሮማውያን ጋር የነበራቸው ውል ፈርሶ ስለነበረ አደጋ ጥለው ተጓዦቹን ገደሉ። ሁለቱ ልጆች ግን ከዛፍ ሥር ትምህርታቸውን ሲያጠኑ ተገኝተው ተረፉ፤ ወደ አክሱም ንጉሥም ተወሰዱ። ኤዴስዮስ ጠጅ አሳላፊ ሆነ፤ ፍሬምናጦስ ግን አስተዋይነቱ ታይቶ የንጉሡ ግምጃ ቤትና ጽሕፈት ተሰጠው።

ንጉሡ ሊሞት ሲል ነፃ አወጣቸው። አልጋ ወራሹ ገና ሕፃን ስለነበረ ንግሥቲቱ እስኪያድግ ድረስ እንዲረዷት ለመነቻቸውና ቆዩ። ፍሬምናጦስ በዚህ ጊዜ ለንግድ የሚመጡ ክርስቲያኖችን እየፈለገ የጸሎት ቦታ እንዲኖራቸው ይደግፋቸው ነበር። ጳጳስ አልነበረም፤ ቄስም አልነበረም። በያዘው ሥራ ላይ ሆኖ የሚቻለውን አደረገ እንጂ ማዕርግ እስኪያገኝ አልጠበቀም።

ልጁ ካደገ በኋላ ሁለቱ ተሰናበቱ። ኤዴስዮስ ወደ ዘመዶቹ ወደ ጢሮስ ሄዶ ቅስና ተቀበለ። ይህም መልካም ነበር፤ ታሪኩን ለጸሐፊው ለሩፊኖስ የነገረው እርሱ ነውና። ፍሬምናጦስ ግን ዘመዶቹን የማየት ናፍቆቱን ትቶ ወደ እስክንድርያ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ328 ዓ.ም. በመንበሩ የተቀመጡትን ቅዱስ አትናቴዎስን አግኝቶ በአክሱም ላሉት ክርስቲያኖች ጳጳስ እንዲልኩላቸው ለመነ። የለመነው ለራሱ አልነበረም። ቅዱስ አትናቴዎስ ከካህናቱ ጋር ቢመክሩ ግን ከእርሱ የተሻለ ሰው ስላላገኙ ሾመው ላኩት። በምርኮ ወደ ገባበት አገር አሁን በፈቃዱ ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ ንጉሥ ዒዛና ክርስትናን ተቀበለ፤ ቀድሞ ጨረቃ ይቀረጽበት በነበረው ገንዘቡም ላይ መስቀል ተቀረጸ። ፈተናው ግን አላበቃም። እ.ኤ.አ. በ356 ዓ.ም. ገደማ የአርዮሳውያን ደጋፊ የነበረው ንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢዮስ ለዒዛናና ለወንድሙ ለሳይዛና ደብዳቤ ጻፈ። አቡነ ሰላማ ወደ እስክንድርያ ተልከው በአትናቴዎስ ቦታ በተተካው በጊዮርጊስ ፊት ሃይማኖታቸው እንዲመረመር ጠየቀ። የዓለሙ ኃያል ንጉሥ ቢጫንም ቤተ ክርስቲያናችን በአትናቴዎስ ሃይማኖት ጸናች።

በቅርቡ ከጉባኤ በኋላ እኛ ተማሪዎች ይህን ታሪክ ስንወያይበት አንድ ጥያቄ ተነሣ። ስንመረቅ የት እንደምንሠራ ስናስብ ደመወዙን፣ ከተማውን፣ የውጭ አገሩን ዕድል እንቆጥራለን፤ ክርስቶስ ወዴት እንደሚመራን ግን ጠይቀን እናውቃለን ወይ? ብዙዎቻችን ዝም አልን። መቁጠሩ ኃጢአት ሆኖ አይደለም፤ ጸሎታችን ከወሰንን በኋላ የሚመጣ ማኅተም ብቻ ሆኖ ስላገኘነው ነው። አንዳንዶቻችን ወደ ቤታችን መመለስ ይገባን ይሆናል፤ አንዳንዶቻችን ደግሞ ልንሄድ ወደማንወደው ሥፍራ። ከሁለቱ አንዱ ሁልጊዜ ትክክል አይደለም፤ ሳይጠይቁ መሄድ ግን መሪን መከተል ሊባል አይችልም።

እንግዲህ ሐምሌ 26 ቀን ዕረፍታቸውን ስናስብ፣ ከመምረጣችን በፊት መጠየቅን ልማድ እናድርግ። የአባታችን በረከት ከሁላችን ጋር ይሁን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።