ሉዊ አጋሲ፦ የዓሣን ቅርፊት ያነበበ ሰው

ዓሣ ሲበለት በቢላ የሚፋቀው ቅርፊት በየቤታችን ቆሻሻ ነው። ጣት ላይ ይጣበቃል፣ ወለሉ ላይ ይበተናል፣ ከዚያም ተጠርጎ ይጣላል። ከ190 ዓመት ገደማ በፊት ግን አንድ ወጣት ይህንኑ ቅርፊት ተከትሎ በድንጋይ ውስጥ የተቀበሩ ዓሦችን መለየት ጀመረ። በዘንድሮው እትማችን ታሪኩን የምናቀርብላችሁ ይህ ሰው ሉዊ አጋሲ ነው። የሠራው ትልቅ ነው፤ የበደለውም ትንሽ አይደለምና ሁለቱንም እናነሣለን። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አጋሲ በ1807 በስዊዘርላንድ፣ በሐይቅ ዳር በምትገኝ ሞቲየ በምትባል መንደር ከአንድ የፕሮቴስታንት ቄስ ቤት ተወለደ። ቤተሰቡ ሐኪም እንዲሆን ይፈልጉ ነበር፤ እሱም እነሱን ለማስደሰት የሕክምና ዲግሪውን በ1830 ተቀበለ። ልቡ ግን ከዓሣ ጋር ነበር። ገና ተማሪ ሳለ፣ ሌላ ሳይንቲስት ከብራዚል ሰብስቦ አምጥቶ ሳይጨርሰው የሞተበትን የዓሣ ክምችት እንዲያጠና ተሰጠው። መጽሐፉ በ1829 ሲወጣ ዕድሜው ሃያ ሁለት ነበር።

ከዚያ ወደ ፓሪስ ሄደ። በዘመኑ በእንስሳት አካል ጥናት አቻ ያልነበረው ኩቪየ ስለ ቅሪተ አካል ዓሦች ያጠራቀመውን ማስታወሻና ሥዕል ሁሉ ለዚህ ወጣት አስረከበው። ብዙም ሳይቆይ በ1832 ኩቪየ ሞተ። አጋሲም ወደ አገሩ ተመልሶ በኒውሻቴል መምህር ሆነና ከ1833 እስከ 1843 ድረስ አምስት ቅጽ መጽሐፍ አወጣ። በውስጡም 1,700 ገደማ የቅሪተ አካል ዓሣ ዝርያዎችን መዘገበ።

ታዲያ ለምን ቅርፊት? ዓሣ ሲሞት ሥጋው ይበሰብሳል፣ አጥንቱም ይበታተናል። እንደ ሻርክ ያሉት ደግሞ አጽማቸው እንደ ጆሯችን የሚለመጥ ልም አጥንት ስለሆነ እምብዛም አይቆይም። ጠንካራው ቅርፊትና ጥርስ ግን ጭቃው ድንጋይ እስኪሆን ድረስ ይጠብቃል። አጋሲ በዚህ ተመርቶ ዓሦችን በአራት ከፈለ። የመጀመሪያዎቹ ቆዳቸው በጥቃቅን ጥርስ መሰል ነገሮች የተሸፈነ ነው፤ የሻርክን ቆዳ ከጅራት ወደ ራስ የዳሰሰ ሰው የአናጺን የብርጭቆ ወረቀት ያስታውሳል። ሁለተኞቹ ወፍራም፣ የሚያብረቀርቅ ቅርፊት ያላቸው ናቸው። ሦስተኞቹ እንደ ካርፕ ክብና ለስላሳ ቅርፊት ሲኖራቸው፣ አራተኞቹ እንደ ናይል ፐርች የቅርፊታቸው ጠርዝ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ አለው።

ከአራቱ እኛን የሚስበን ሁለተኛው ነው። እነዚህ ዓሦች በጥንቱ ድንጋይ ውስጥ እጅግ በዝተው ሲገኙ ዛሬ በሕይወት ያሉት ጥቂቶች ናቸው። ከጥቂቶቹ አንዱ ፖሊፕተረስ የሚባለው ሲሆን የሚኖረው እዚሁ በአካባቢያችን፣ በዓባይ ተፋሰስና በቱርካና ሐይቅ ነው። ሰውነቱ እንደ ጥሩር በተገጣጠሙ ቅርፊቶች የተሸፈነ ነው፤ ከስንጥቡ ሌላ ሳንባም ስላለው ከውኃው ወጣ ብሎ አየር ይስባል። አጋሲ የድንጋይ ዓሦቹን ያስተያይ የነበረው ከእንዲህ ዓይነቶቹ ጋር ነው።

አከፋፈሉ አልዘለቀም። እንደ አምባዛ ምንም ቅርፊት የሌለው ዓሣ አለ፤ በአንድ ጎኑ ለስላሳ፣ በሌላው ጎኑ ማበጠሪያ መሰል ቅርፊት ያለው ጠፍጣፋ ዓሣም አለ። ሆኖም ለቅርፊቶቹ ያወጣቸው ስሞች እስከ ዛሬ በትምህርት መጻሕፍት ይሠራባቸዋል።

ስለ እሱ ከሚነገሩት ልጆች የሚወዱት የሕልሙን ታሪክ ነው። ባለቤቱ እንደጻፈችው፣ በድንጋይ ውስጥ ግማሽ ተደብቆ ምን እንደሚመስል ያልገባውን ዓሣ ሦስት ሌሊት ተከታትሎ በሕልሙ ሙሉ ሆኖ አየው። በሦስተኛው ሌሊት በጨለማ፣ እንቅልፉ ሳይለቀው ሣለው። ጠዋት ድንጋዩን በመሮ ሲፈለፍል የወጣው ዓሣ ከሥዕሉ ጋር አንድ ሆነ። እኛ ግን ሕልሙ የመጣው ዓሣን ዓመታት ሙሉ ላየ ዓይን መሆኑን ለተማሪዎቻችን ማስታወስ እንወዳለን።

በ1846 ወደ አሜሪካ ተሻገረ፤ በሃርቫርድም መምህር ሆነ። የማስተማር ዘዴው ይወራለታል። አዲስ ተማሪ ሲመጣ ከብልቃጥ አንድ ዓሣ አውጥቶ ያስቀምጥለትና ተመልከት ብሎት ይሄዳል። ተማሪው አይቼ ጨረስኩ ሲል ተመልሶ እንዲያይ ያደርገዋል። ከነዚህ አንዱ በአንድ ዓሣ ላይ ሦስት ቀን ቆይቷል።

ራሱ አጋሲ ያየውን ግን ሊቀበለው ያልቻለበት ጊዜ መጣ። በጥንታዊዎቹ ዓሦች ዘንድ አከርካሪው ወደ ላይ ታጥፎ ወደ ጅራቱ የላይኛ ክፍል ይገባል፤ የአብዛኞቹ የዛሬ ዓሦች ጅራት ግን ላይና ታቹ እኩል ነው። የዛሬው ዓሣ ገና ጽንስ ሳለ ጅራቱ የጥንቱን እንደሚመስል አጋሲ አስተዋለ። በ1859 ዳርዊን ስለ ዝግመተ ለውጥ ሲጽፍ ይህን መሰሉን የአጋሲን ሐሳብ ለራሱ ማስረጃ አደረገው። አጋሲ ግን እያንዳንዱ ዝርያ ለብቻው ተፈጠረ እንጂ አንዱ ከሌላው አልወረደም እንዳለ በ1873 ሞተ። ወላጆች ነገሩን በሃይማኖት ብቻ እንዳትተረጉሙት፤ የሃርቫርድ ባልደረባው፣ የዕፀዋት ተመራማሪው ኤሳ ግሬይ፣ አጥባቂ ክርስቲያን ሆኖ ሳለ የዳርዊንን ሐሳብ ደግፏል።

የከፋው ግን ሌላ ነው። አጋሲ መለየትና መመደብን ከዓሣ ወደ ሰው አዛወረው። የሰው ዘሮች ለየብቻ ተፈጠሩ፣ ጥቁሮችም የበታች ናቸው ብሎ አስተማረ። በ1850 በደቡብ ካሮላይና በባርነት የተያዙ ሰዎች ልብሳቸውን ወልቀው ፎቶግራፍ እንዲነሡ አደረገ። ከነሱ መካከል ሬንቲ የተባለ አባትና ልጁ ደሊያ ይገኙበታል። ተማሪውን በአንድ ዓሣ ፊት ሦስት ቀን ያስቀመጠ መምህር በሬንቲና በደሊያ ላይ ገና ሳያያቸው ፈርዶ ነበር። የእኛ ልጆች ቆዳቸው በሚቆጠርበት አገር ሄደው ሊማሩ ይችላሉ፤ ስለዚህ ይህን ከታሪኩ ቆርጠን ልናስቀር አልወደድንም።

ሃርቫርድ በሚገኝበት በካምብሪጅ ከተማ በአጋሲ ስም የተሰየመ ትምህርት ቤት ነበር። በ1889 የዚህ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህርት የሆኑት ማሪያ ባልድዊን ጥቁር አሜሪካዊት ነበሩ፤ ለብዙ ዓመታትም መሩት። በ2002 የትምህርት ቤቱ ስም ተለወጠና በእሳቸው ስም ተጠራ። የስሙን መለወጥ ሐሳብ ያነሣው አንድ ተማሪ ነበር።